ለባህር ዳር ወጣት አጥቂዎች፦ ራስህን ለክለብ ሙከራ እንዴት ታዘጋጃለህ?

"ኮች፣ አጥቂ ነኝ። ክለብ ለመግባት ምን ልሥራ?"

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ከሽምብጥ የመጣው ልጅ ይጠይቀኛል፣ ከዘንዘልማ የመጣውም ይጠይቀኛል። አንዳንዴ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ደውሎ ይጠይቃል። መልሱ በአንድ የስልክ ጥሪ አያልቅም። ስለዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

መመሪያው ከ15 እስከ 20 ዓመት ላለ፣ ሰፈር ሜዳ ላይ ጎል ለሚያገባ፣ ክለብ ግን ገብቶ ለማያውቅ ልጅ ነው። "አንተ" እያልኩ ብጽፍም ለሴት አጥቂዎች የሚለወጥ ነገር የለውም። ስምንት ሳምንት ያህል መድብለት።

አንድ ነገር አስቀድመህ ያዝ። ሙከራ ላይ የሚያይህ አሰልጣኝ አያውቅህም። ምናልባት 20 ደቂቃ ያጫውትሃል። ከዚያ ውስጥ ኳስ እግርህ ላይ የምትቆየው አንድ ደቂቃ እንኳን አትሞላም። በቀረው ጊዜ ሁሉ ያለ ኳስ ምን እንደምታደርግ ያያል። ልጆች ደግሞ የማይለማመዱት ይህንኑ ነው።

የሚያስፈልግህ

- 5 ቁጥር ኳስ። ዙሪያዋ ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ410 እስከ 450 ግራም ይሁን። በቀላል የፕላስቲክ ኳስ ከተለማመድክ እግርህ የተሳሳተ ጉልበት ይለምዳል።
- ስምንት ባዶ ሃይላንድ። ግማሽ ድረስ አሸዋ ሙላባቸው። ተከላካይ ይሆኑልሃል።
- 17 ሜትር ያህል ሲባጎ፣ መለኪያ ሜትር።
- ታኬታ። ለበጋው ደረቅ ሜዳ አጫጭርና ብዙ ጥርስ ያለው፣ ለክረምቱ ጭቃ ረዘም ያለ ጥርስ ያለው። አንድ ብቻ መግዛት ከቻልክ አጭሩን ግዛ። ረጅም ጥርስ በደረቅ መሬት ላይ ቁርጭምጭሚትንና ጉልበትን ይጎዳል።
- የቅልጥም መከላከያ።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ። የጓደኛም ቢሆን ይሠራል።
- ንጹህ የሚጠጣ ውሃ፣ ቢያንስ 2 ሊትር።
- አንድ ታማኝ ጓደኛ። ሁለት ከሆኑ እሰየው።

ደረጃ 1፦ ሜዳህን ለካ

ሲባጎውን 16.5 ሜትር ላይ ቁረጠው። ከዚያ 2.44፣ 5.5፣ 7.32 እና 11 ሜትር ላይ ቋጠሮ አድርግ። 2.44 የጎል ከፍታ ነው። 7.32 ስፋቱ ነው። 5.5 ትንሹ ሳጥን የሚያልቅበት፣ 11 የሪጎሬ ነጥብ፣ 16.5 ደግሞ ትልቁ ሳጥን የሚያልቅበት ነው። በዚህ አንድ ገመድ የትኛውም ባዶ ቦታ ላይ ትክክለኛ ሳጥን መሥራት ትችላለህ።

ለምን ይጠቅማል? ድንጋይ ደርድረን የምንጫወትበት ጎል ስፋቱ በየቀኑ ይለዋወጣል። አግዳሚም የለውም። እዚያ "ገባ" ተብሎ የተጨፈረለት ኳስ እውነተኛ ጎል ላይ ብዙ ጊዜ ከላይ ያልፋል።

የጎሉ ስፋት የከፍታው ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ መስመሩን በሁለት ሃይላንድ ለሦስት እኩል ቦታ ክፈለው፤ እያንዳንዱ 2.44 ሜትር ይሆናል። መሃሉ የበረኛው ነው። ግራና ቀኙ ያንተ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወደ መሃል የገባ ኳስ ጎል ብለህ አትቁጠር።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመሬት ጋር ያልታሰረ የብረት ጎል አግዳሚ ላይ አትንጠልጠል። ብረቱ ሲገለበጥ ሰው ይገድላል።

ደረጃ 2፦ ሳታሟሙቅ አትምታ

"ፊፋ 11+" የሚባል የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ። ቪዲዮው በነፃ ይገኛል። 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሩጫ፣ የጉልበትና የሚዛን ሥራ፣ ከዚያ ፈጣን ሩጫ በቅደም ተከተል አለው። የተዘጋጀው ጉዳት ለመቀነስ ነው፤ በትክክል የሚሠሩት ቡድኖችም ጉዳታቸው ይቀንሳል።

አጥቂ በብዛት የሚጎዳው የጭኑ የኋላ ጡንቻ ላይ ነው። ቆመህ ቆይተህ በድንገት በሙሉ ፍጥነት ስለምትነሳ ነው። አንድ መልመጃ ለይተህ ያዝ። ተንበርከክ፣ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚቶችህን አጥብቆ ይያዝ። ወገብህን ሳታጥፍ በቀስታ ወደ ፊት ውረድ፣ መቆጣጠር ሲያቅትህ በእጅህ መሬቱን ያዝ። አምስት ጊዜ ሠርተህ ዕረፍ፣ አምስት ድገም። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። መጀመሪያ ሰሞን ያምሃል፣ ይለቅሃል።

ደረጃ 3፦ ኳሷ ሳትደርስ ዙሪያህን እይ

አንድ ጓደኛህ 10 ሜትር ርቆ ፊት ለፊትህ ይቁም። ሌላው ከኋላህ ይቁም። ፓሱ ሲነሳ ከኋላ ያለው ጣቶቹን ያነሳል። ኳሷን ከመንካትህ በፊት ዞር ብለህ አይተህ ቁጥሩን ጮክ ብለህ ጥራ። ከዚያ ኳሷን ተቀበል። በቀን 20 ጊዜ ድገም።

ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ግድግዳ ተጠቀም። ባለቤቱን ግን አስፈቅድ። አንተ ኳሷን ግድግዳው ላይ ትመታለህ፣ እስክትመለስ ባለው ጊዜ ኋላህ ያለውን ጣት ታያለህ።

ጥቅሙ ይህ ነው። ተከላካዩ የት እንዳለ አስቀድመህ ካወቅህ በመጀመሪያ ንክኪህ ከእሱ መራቅ ትችላለህ። ካላወቅህ ኳሷን አቁመህ ነው የምታስበው። በክለብ ደረጃ ያንን ጊዜ የሚሰጥህ ተከላካይ የለም።

ደረጃ 4፦ ያለ ኳስ መንቀሳቀስን ተማር

በጣም የምለፋበት ክፍል ይህ ነው። አንተም ጊዜህን እዚህ ላይ አጥፋ።

*ሂድና ተመለስ።* ወደ ቅርቡ ቋሚ መሄድ ከፈለግህ መጀመሪያ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ሩቁ ሂድ። ተከላካዩ ሲከተልህ ቁረጥና ተመለስ። ተከላካይ ኳሷንም አንተንም በአንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋል። ከጀርባው በኩል ስትቆም አንዱን ይመርጣል። ዓይኑን ወደ ኳሷ ሲመልስ ያን ጊዜ ተነስ።

*ሦስቱን ሩጫዎች ለይ።* ጓደኛህ በክንፍ በኩል ሆኖ ኳስ ያሻግር። ሃይላንዶቹን ሳጥን ውስጥ እንደ ተከላካይ አቁማቸው።

ሀ. የቅርቡ ቋሚ። ተከላካዩን ቀድመህ ከፊቱ ግባ። እዚህ በትንሹ ነክቶ አቅጣጫ ማስቀየር ይበቃል።

ለ. የሪጎሬ ነጥብ አካባቢ። ሁሉም ወደ ጎል ሲሮጥ አንተ ዝግ በል። ክንፉ እስከ መጨረሻው መስመር ከደረሰ ኳሷን ወደ ኋላ ይመልሳታል፤ ተከላካዮቹ በሩጫ ላይ ስለሆኑ ያ ቦታ ባዶ ይቀራል።

ሐ. የሩቁ ቋሚ። ሁሉንም ያለፈች ኳስ እዚያ ትወድቃለች። ብዙ ልጅ "አትደርስም" ብሎ ሩጫውን ያቆማል። አንተ አታቁም።

እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ ሥራ። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ነፋስ ካለ በሁለቱም አቅጣጫ ተለማመድ። ነፋስ ፊት ለፊቷ ያለ ኳስ ታጥራለች፤ ነፋስ የተከተላት ታልፋለች። ሩጫህን በዚያ ልክ ታዘገያለህ ወይም ታፈጥናለህ።

*ከኦፍሳይድ ራስህን ጠብቅ።* ኦፍሳይድ የሚታየው ጓደኛህ ኳሷን በነካበት ቅጽበት ነው። አንተ ጋ ስትደርስ የት እንዳለህ አይቆጠርም። ከመጨረሻው በፊት ካለው ተጋጣሚ ጋር እኩል ከሆንክ ትክክል ነህ። እጅና ክንድ አይቆጠሩም። በራስህ ግማሽ ሜዳ ውስጥ ከሆንክም ኦፍሳይድ የለም። ከእጅ ውርወራ፣ ከጎል ምት እና ከማዕዘን ምት በቀጥታ ስትቀበልም እንደዚያው። ስለዚህ ጓደኛህ እጅ ውርወራ ሲይዝ ከተከላካዮቹ ጀርባ ብትቆም ማንም አይከለክልህም። ይህን የሚጠቀምበት የሰፈር አጥቂ ጥቂት ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። አራት ሃይላንድ በአንድ መስመር ደርድር። በቀጥታ ወደ ጎል አትሩጥ። መጀመሪያ በመስመሩ ትይዩ ወደ ጎን ሩጥ፣ ጓደኛህ እግሩን ለፓስ ሲያነሳ ጠምዘዝ ብለህ በሃይላንዶቹ መካከል ግባ። ፍጥነትህን ሳትቀንስ መስመሩን ትጠብቃለህ፣ ኳሷንም ከዓይንህ አታጣም።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል ያገባበትን የውድድር ዘመን ቪዲዮዎች ፈልግ። ጎሉን ሳይሆን ከጎሉ በፊት ያሉትን አምስት ሰከንዶች እይ። የት ቆሞ ነበር? መቼ ተነሳ? በስንት ንክኪ መታ? ደብተርህ ላይ ጻፍ።

ደረጃ 5፦ አጨራረስ

በቀን ከ60 ምት አይብለጥ። ሲደክምህ አመታትህ ይበላሻል፤ ሰውነትህም የተበላሸውን ይለምዳል።

1. *20 ምት ከ5.5 እስከ 11 ሜትር፣ በአንድ ንክኪ፣ በውስጥ እግር።* የማይመታው እግርህ ከኳሷ ጎን አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ይረፍ፤ ጣቶቹ ወደምትመታበት ይዩ። ቁርጭምጭሚትህን አጠንክር። ደረትህ ወደ ኋላ ካዘነበለ ኳሷ ትነሳለች። ዝቅ አድርገህ ወደ ጥግ ምታ። ዝቅ ያለች ኳስ አግዳሚውን አታልፍም፤ በረኛውም እስኪወርድ ጊዜ ይፈጅበታል። በጎን በኩል ሆነህ ስትመታ የሩቁን ጥግ ምረጥ። በረኛው ቢመልሳት እንኳን ወደ ጓደኞችህ የመምጣት ዕድሏ ሰፊ ነው።

2. *20 ምት በደካማው እግርህ።* ከቅርብ ጀምር። ተከላካዮች ጠንካራ እግርህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም፤ ከዚያ በዚያ በኩል ይዘጉብሃል።

3. *10 ጊዜ ከበረኛ ጋር አንድ ለአንድ።* ከ20 ሜትር ኳስ ይዘህ ግባ። በረኛው ሩቅ ከሆነ ኳሷን ረዘም አድርገህ ግፋ፣ ሲቀርብ አሳጥር። በረኛው በእንቅስቃሴ ላይ እያለ ምታ። ቆሞ እግሩን ካመቻቸ በኋላ ማለፍ ይከብዳል።

4. *5 ቴስታ።* ዓይንህን ሳትጨፍን፣ በግንባርህ፣ ወደ ታች ወደ ጎል መስመሩ። ጠንካራ ቴስታ በሳምንት ከ10 እንዳይበልጥ። ጭንቅላትህን ተመትተህ ካዞረህ ወይም ካቅለሸለሸህ የዚያን ቀን ልምምድ በቃ፤ ሐኪም ሳያይህ አትመለስ።

5. *5 ሪጎሬ፣ በመጨረሻ፣ ደክሞህ እያለ።* ጨዋታ ላይም የምትመታው ደክሞህ ነው። ጥጉን ከመነሳትህ በፊት ምረጥ፤ እየሮጥህ አትቀይር።

ከአሥር ምት ስንቱ ያንተ ቦታ እንደገባ በየቀኑ ጻፍ። ከአምስት በታች ከሆነ ወደ ጎል ቅረብ። ሰባት ከደረስህ ጓደኛህ ከኋላ እየገፋ ያስቸግርህ።

በበጋ ሜዳው ደረቅና ጎርባጣ ስለሆነ ኳሷ እግርህ ጋ ስትደርስ ትዘላለች። ስለዚህ ወደ እሷ ሂድ እንጂ ቆመህ አትጠብቅ። በክረምት እርጥብ ሣር ላይ ትፈጥናለች፣ ጭቃ ላይ ትቆማለች። ሙከራው የሚደረግበትን ሜዳ ቀድመህ ሄደህ በእግርህ ርገጠው።

ደረጃ 6፦ ጀርባህን ለጎል ሰጥተህ መጫወት

ተከላካዩ ከመድረሱ በፊት እግሮችህን ከፈት፣ ጉልበትህን አጠፍ አድርግ። ክንድህን ዘርጋ፣ ግን አትግፋ፤ ዳኛ ይነፋብሃል። ኳሷን ከእሱ በሚርቀው እግር ተቀበል፣ በአንድ ወይም በሁለት ንክኪ ለአማካይ መልስና ወዲያው ዞረህ ሩጥ። ብዙዎች ከመለሱ በኋላ ቆመው ያያሉ።

ደረጃ 7፦ ኳስ ስትጠፋ የመጀመሪያው ተከላካይ አንተ ነህ

ኳስ ከተነጠቅህ ለአምስት ሰከንድ በሙሉ ጉልበት ተጫን። በቀጥታ አትሂድበት። ወደ አንድ ጎን እንዲያቀብል በሚያስገድድ አቅጣጫ ጠምዘዝ ብለህ ሂድ። ራስህን ይዘህ የምትቆጭ ከሆነ አሰልጣኙ ያየሃል፤ ደብተሩ ላይም የሚጽፈው ያንን ነው።

ደረጃ 8፦ ሳምንትህን አደራጅ

ማክሰኞና ሐሙስ ደረጃ 3፣ 4 እና 5። ረቡዕ ፈጣን ሩጫ። ቅዳሜ ጨዋታ፣ እዚያ ላይ ደረጃ 6 እና 7ን ሞክር። እሑድ ዕረፍት። ሰኞና ዓርብ ቀላል ሥራ።

ፈጣን ሩጫ ስል 20 ሜትር፣ አሥር ጊዜ፣ በሙሉ ፍጥነት፣ በየመካከሉ አንድ ደቂቃ ተኩል ዕረፍት ማለቴ ነው። በጣና ዳር አንድ ሰዓት ሶምሶማ የሚሮጡ ብዙ ልጆች አውቃለሁ። ትጋታቸው ደስ ይለኛል። ግን የአጥቂ ሩጫ አጭርና ድንገተኛ ነው፤ ሶምሶማ ብቻውን ያንን አያመጣም።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ተለማመድ። የምትጾም ከሆነ ጠንካራውን ልምምድ ከበላህ ከሁለት ሰዓት በኋላ አድርገው፤ በባዶ ሆድ ፈጣን ሩጫ አትሩጥ። በክረምት ነጎድጓድ ከሰማህ ከሜዳ ውጣ፣ ዛፍ ሥር አትጠለል።

ደረጃ 9፦ ሰውነትህን ጠብቅ

- ከልምምድ በኋላ ሐይቁ ውስጥ ገብተህ አትታጠብ። የጣና ዳርቻ ውሃ ቢልሃርዝያ አለበት፤ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ድካምና የሆድ ሕመም ያመጣል። እስከ ጉልበት ብቻ መግባትም ያስይዛል። ገብተህ የምታውቅ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደህ ተመርመር፤ መድኃኒት አለው።
- ለሰውነት ግንባታ ውድ ዱቄት አያስፈልግህም። ቀረሶ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ወተት ይበቃሉ።
- እግርህ ካበጠ ለወጌሻ ለመታሸት አትቸኩል። አጥንት መሰበሩን ሳታውቅ ካሳሸህ ጉዳቱ ይብሳል። መጀመሪያ ራጅ ተነሳ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዕረፍት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ።
- ሕመም ለማደንዘዝ መርፌ ተወግተህ አትጫወት። ሕመሙ ጠፋ ማለት ጉዳቱ ዳነ ማለት አይደለም።
- ጫት ተው። እንቅልፍህንና የምግብ ፍላጎትህን ይወስዳል። በውስጡ ያለው ካቲንም በውድድር ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ በፀረ ዶፒንግ ሕግ ያስቀጣል።

ደረጃ 10፦ ሰነድህንና ቪዲዮህን አዘጋጅ

የልደት ሰርተፍኬት፣ የቀበሌ ወይም የብሔራዊ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶ። ኦሪጅናሉን ቤት አስቀምጥ፣ ኮፒ ይዘህ ሂድ።

ዕድሜህን አትቀንስ። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እያስነሳ ያያል። ዛሬ ያለፈ ውሸት ብሔራዊ ቡድን ስትጠራ ይይዝሃል።

ቪዲዮው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይሁን። ስልኩን በጎን ያዙት፣ ከፍ ካለ ቦታ ቅረጹ። ጎል ብቻ አትሰብስብ። ያለ ኳስ የሮጥህባቸውን፣ የተጫንህባቸውን፣ ለጓደኛህ ያቀበልህባቸውን አስገባ። ዘፈን አትጨምርበት፤ አሰልጣኞች ይሰለቻሉ።

ደረጃ 11፦ የሙከራ ቀን

የሙከራ ቀን መቼ እንደሆነ በወሬ አትመን። እንደ ባህር ዳር ከተማ ባለ ትልቅ ክለብም ሆነ በአቅራቢያህ ባለ የታዳጊ ፕሮጀክት፣ በአካል ጽሕፈት ቤቱ ሄደህ ጠይቅ። ከ17 እና ከ20 ዓመት በታች ቡድኖችን ለይተህ ጠይቅ።

ሙከራው አዲስ አበባ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመህ ድረስ። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ያጥርሃል።

ሙከራው ከመጀመሩ ሦስት ሰዓት ቀድመህ ብላ። አዲስ ታኬታ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን አታድርግ። ቦታህን ሲጠይቁህ አንድ ቦታ ንገር። "የትም እጫወታለሁ" ያለ ልጅ ማንም በማይፈልገው ቦታ ይሰለፋል። የመጀመሪያ ኳስህን ቀላል ፓስ አድርጋት። ከዚያ በስም ጥራ፣ ቦታ አሳይ፣ ሩጥ። አንድ ጎል ከሳትክ፣ ለቀጣዩ ቦታህን ያዝ።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት

- ከ25 ሜትር በኃይል መምታት ላይ ብቻ መለማመድ።
- ኳስ ፍለጋ ወደ መሃል ሜዳ መውረድ። ሳጥኑ ባዶ ይቀራል።
- ሁልጊዜ ከሚያሸንፏቸው ልጆች ጋር ብቻ መጫወት። በሳምንት አንዴ ከሚበልጡህ ትልልቆች ጋር ግባ።
- ትምህርት ማቋረጥ። አንድ የጉልበት ጉዳት ዓመቱን ሙሉ ሊያስቀምጥህ ይችላል።

ደረጃ 12፦ ከመፈረምህ በፊት

"ውጭ አገር ሙከራ አለ፣ ለቪዛ ይህን ያህል ላክ" ያለህን ሰው ገንዘብ አትስጠው። ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች ስም በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ፈልገህ አረጋግጥ። በፊፋ ደንብ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ወደ ሌላ አገር ክለብ መዛወር አይችልም። ስለዚህ 16 ዓመት ሆኖህ "አውሮፓ ክለብ አግኝቼልሃለሁ" ከተባልክ ለወላጅህ ሳትናገር አንድ እርምጃ አትሂድ።

በዚያው ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በላይ ውል አይፈርምም። ለሌሎች ከፍተኛው አምስት ዓመት ነው። ውሉን ወላጅ ወይም ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብበው። እነዚህን በጽሑፍ ፈልግ፦ የወር ደመወዝ ከታክስ በፊትና በኋላ፣ የፊርማ ገንዘብ ካለ የሚከፈልበት ቀን፣ ስትጎዳ ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል፣ ማረፊያና ምግብ፣ ትምህርት ለመቀጠል ፈቃድ። በቃል የተነገረህን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ካላየኸው አትቁጠረው። ባዶ ቦታ ያለበት ገጽ ላይ አትፈርም። በሁለት ቅጂ ይፈረም፣ አንዱን ማኅተም አስደርገህ ወደ ቤት ይዘህ ሂድ።